ትምህርቱ ይታወቃል፣ ልጁን ምን እናድርገው? በጎንደር የሃይማኖተኛ ቤተሰብ ጭንቅ

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ የግብረ ሰዶም ድርጊት ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎች፣ መጠጥ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመሩን አስታወቀ። በዚያው ሰሞን በቲክቶክ የሰዎችን ፎቶግራፍና ስም እየለጠፉ ለጥቃት የሚጠቁሙ ቪዲዮዎች ተዛመቱ። ጎንደር በዚያ ወር ሌላ መከራ ላይ ነበረች፤ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። አገልግሎቱ ከተመለሰ በኋላም ጉዳዩ አልበረደም፤ በዐውደ ምሕረት፣ በጁምዓ ኹጥባ፣ በቡና ላይ ጨዋታ ይነሣል።

ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ጥያቄዎች ይደባለቃሉ፤ ኃጢአት ነው ወይ? ወንጀል ነው ወይ? በሽታ ነው ወይ? አባትና እናት በራቸውን ዘግተው የሚጠይቁት ግን አራተኛውን ነው፤ «ልጃችንን ምን እናድርገው?» ለዚህ ጥያቄ ከሦስቱ የአንዱ መልስ እንደ ደረሰ ይሰጣል። ኃጢአት ስለሆነ ይውጣ፣ ወንጀል ስለሆነ ይታሰር፣ በሽታ ስለሆነ ጠበል ይግባ ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ የአራተኛው ጥያቄ መልስ ከሦስቱ በቀጥታ እንደማይወጣ ማሳየት ነው። የሚወጣ እየመሰለን የምንወስነው ውሳኔ ሰው ያስከፍለናል።

ቃላቱ የሚያደባልቁት

በአማርኛ የዜና ቋንቋ «ግብረ ሰዶም» የሚለው ቃል ቢያንስ ለሦስት የተለያዩ ነገሮች ያገለግላል። አንደኛው በሁለት አዋቂዎች መካከል በፈቃድ የሚፈጸም ድርጊት ነው። ሁለተኛው ዝንባሌ ነው፤ ማለትም አንድ ሰው ምንም ሳያደርግ በስሜቱ ወደ ራሱ ጾታ መሳቡ። ሦስተኛው የወንድ ልጆች መደፈር ነው። «ግብረ ሰዶም የተፈጸመበት ሕፃን» የሚለውን የጋዜጣ አርእስት ያላነበበ ሰው አይኖርም።

ይህ የቃል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሕይወት ያበላሻል። የተደፈረ ልጅ ተበዳይ ነው። የሚያስፈልገው ፈጣን ሕክምና፣ የፖሊስ ምርመራና የቤተሰቡ እቅፍ ነው። ቃሉ አንድ በመሆኑ ግን በሠፈር አፍ በዳይና ተበዳይ በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ወላጆችም ስሙን ፈርተው ወንጀሉን ይደብቃሉ፤ ደፋሪው በነጻ ይሄዳል። በሌላ በኩል ማንንም ያልነካና ዝንባሌውን ለእናቱ ብቻ የነገረ የሃያ ዓመት ልጅ የሕፃናት ደፋሪ ተደርጎ ይታያል። ሁለቱም ግፍ ነው።

«ኤልጂቢቲ» የሚለው የውጭ ምሕጻር ደግሞ ሌሎችን ይጨምራል፤ ሌዝቢያን ወደ ሴት የምትሳብ ሴት ናት፣ ጌይ ወደ ወንድ የሚሳብ ወንድ ነው፣ ባይሴክሹዋል ወደ ሁለቱም ጾታ የሚሳብ ሰው ነው፣ ትራንስጀንደር ደግሞ ከውስጥ የሚሰማው ጾታ ሲወለድ ከተነገረው የሚለይበት ሰው ነው። ከእነዚህ ተለይቶ መታየት ያለበት ኢንተርሴክስ ነው፤ የአካሉ አፈጣጠር ከወንድም ከሴትም የተለመደ ቅርጽ የተለየ ሆኖ የሚወለድ ሕፃን ማለት ነው። ይህ የሕክምና ጉዳይ ነው፤ ከማንም ምርጫና ከማንም ኃጢአት ጋር አይገናኝም።

«ይህ ነገር ትናንት ከውጭ የመጣ ነው» የሚለው አባባል በጎንደር በኩል ሲታይ በከፊል ብቻ ይቆማል። ስሞቹና ክርክሩ በእርግጥ አዲስ ናቸው። ሲመን ሜሲንግ የተባለ አንትሮፖሎጂስት ግን በጎንደርና በአካባቢው አጥንቶ በ1957 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የዶክትሬት ሥራ፣ በአማራ ገጠር እንደ ሴት የሚለብሱና ከሴቶች ጋር የሚውሉ ጥቂት ወንዶች መኖራቸውን መዝግቧል። እንደ እርሱ ገለጻ ሰዎቹ የፈጣሪ ስሕተት ተደርገው ይታዩ ነበር፤ ለሴቶቹ እንደ ወንድም ስለነበሩ ባሎች አይቀኑባቸውም። ይህ ማለት ኅብረተሰቡ ያጸድቃቸው ነበር ማለት አይደለም፤ «ስሕተት» የሚለው ቃል ራሱ ይመሰክራል። ነገር ግን ቦታ ነበራቸው። ዛሬ በከተማ የሚታየው ፈጽሞ አውጥቶ የመጣል ስሜት የአያቶቻችን ብቸኛ ልማድ አልነበረም።

ሕጉ የሚለውና የማይለው

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ከተመሳሳይ ጾታ ሰው ጋር ግብረ ሰዶም ወይም ለንጽሕና ክብር ተቃራኒ የሆነ ሌላ ድርጊት የፈጸመን ሰው በቀላል እስራት ይቀጣል። ቀላል እስራት በመርሕ ደረጃ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። አንቀጽ 630 ቅጣቱን የሚያከብዱ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል፤ አንቀጽ 631 በልጆች ላይ የሚፈጸመውን ለብቻው አውጥቶ እጅግ ከፍ ያለ ቅጣት ይጥልበታል። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ድርጊቱ የሚያስቀጣ ነበር። በ2006 ዓ.ም. በይቅርታ ከማይታለፉ ወንጀሎች እንዲመደብ ሐሳብ ቀርቦ በኋላ ቀርቷል።

ወላጆች ማወቅ ያለባቸው ሕጉ የማይለውን ጭምር ነው። ሕጉ የሚቀጣው ድርጊትን ነው፤ ዝንባሌ፣ ስሜት ወይም ለወላጅ የተነገረ ቃል ወንጀል አይደለም። ወላጅ ልጁን አሳልፎ የመስጠት ግዴታም የለበትም፤ የኢትዮጵያ ሕግ ወንጀልን አለማሳወቅን በግል ሰው ላይ የሚቀጣው በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት በሚያስቀጡ ከባድ ወንጀሎች ላይ ነው። ብዙዎች ከኡጋንዳ ሕግ ጋር ያምታቱታል። ኡጋንዳ በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ፀረ ግብረ ሰዶም ሕግ የማሳወቅ ግዴታ ነበረው፤ በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሕጉን በአብዛኛው አጽንቶ ያንን ድንጋጌ ግን ሽሮታል።

ከዚያ አልፎ በልጁ ላይ የሚፈጸሙ አንዳንድ ነገሮች ራሳቸው ወንጀል ናቸው። መደብደብ ወንጀል ነው። አዋቂን ሰው በቤት ዘግቶ ማሰር ወንጀል ነው። «ምስጢርህን አወጣለሁ» እያሉ ገንዘብ መጠየቅም ወንጀል ነው፤ ቲክቶክ ይህን ንግድ አስፋፍቶታል። ቤተሰብ «አዋርዶናል» ብሎ ልጁን ሲተወው አስፈራሪው ይበረታል፤ የሚፈራው ምስክር የለምና። ከውርስ መንቀልም ቢሆን እንደሚታሰበው በአንድ ቃል አያልቅም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተናዛዡ ምክንያቱን በኑዛዜው እንዲገልጽ ይጠይቃል፤ ምክንያቱ በቂ መሆኑንም ዳኛ ይመዝነዋል።

የቤት ስም በጎንደር እንዴት ይቆማል

ጉዳዩ በሕግ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባበቃ ነበር። የጎንደርን ቤተሰብ ከፖሊስ ይልቅ የሚያስፈራው ሰው ነው።

የአንድ ቤት ስም የሚጠበቀው በቤቱ ግድግዳ ውስጥ አይደለም። በወሩ በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም ማኅበር ይጠጣል፤ ሰንበቴ አለ፣ ዕድር አለ፣ ዕቁብ አለ። የንስሐ አባት ቤት ድረስ መጥቶ ጠበል ይረጫል፣ ልጆቹን በስም ይጠራል፣ «ይኼኛውስ መቼ ነው?» ብሎ ስለ ጋብቻ ይጠይቃል። በከተማዋ አዲስ ዓለም ሠፈር ያሉ ሙስሊም ቤተሰቦችም ተመሳሳይ መረብ አላቸው፤ መስጊዱ፣ ጎረቤቱና የኒካህ ሽማግሌዎቹ ቤቱን ያውቁታል። እነዚህ ሁሉ የሚገናኙበት ትልቁ ቀን ደግሞ ሠርግ ነው። ሽማግሌ ይላካል፣ ዘር ይቆጠራል፣ የቤቱ ክብር በአደባባይ ይመዘናል። ስለዚህ ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ደርሶ የማያገባ ልጅ ምንም ሳይናገር ጥያቄ ያስነሣል።

የቤተ ክህነት ቤተሰብ ጭንቅ ደግሞ ይብሳል። ጎንደር የአቋቋም ትምህርት ዋና ማእከል ናት፤ ብዙ ቤት ልጁን ከሕፃንነቱ ለዲቁና ያበቃል። በቤተ ክርስቲያኗ ሥርዓት ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ወይ ያገባል ወይ ይመነኩሳል። ሌላው ወጣት የጋብቻን ጥያቄ ለዓመታት ሊያቆየው ይችላል፤ ለዲያቆኑ ግን አገልግሎቱ ራሱ ቀን ይቆርጥለታል። በዚህ ጊዜ «እንግዲያስ ገዳም ይግባ» የሚል ምክር ከዘመድ ይመጣል። ምክሩ ከቅን ልብ ሊመጣ ይችላል፤ ምንኩስና ግን ጥሪ ነው እንጂ መሸሻ እንዳልሆነ አበው ራሳቸው ያስተምራሉ። ከቤተሰብ ኀፍረት ለማምለጥ የገባ ሰው በዚያ የሚጠብቀውን ተጋድሎ በምን ጉልበት ይሸከመዋል?

የዚህ ሁሉ ውጤት ዝምታ ነው። እናት ብዙ ጊዜ ቀድማ ትጠረጥራለች፤ ለባሏ አትነግርም። እኅት ታውቃለች፤ ለእናቷ አትነግርም። ገመና ሸፋኝነት በባህላችን ትልቅ ምግባር ነው፤ ብዙ ቤት አቁሟል። ይሁን እንጂ ሁሉም ለየብቻው የሚሸከመው ገመና አንድ ቀን በስልክ ላይ በተገኘ መልእክት ወይም በተቆጣ ጓደኛ አፍ ሲፈነዳ፣ ቤተሰቡ ተነጋግሮበት የማያውቀውን ነገር በአንድ ሌሊት ሊወስን ይገደዳል። እጅግ የሚያሳስበው ይህ ሌሊት ነው። በር ተዘግቶ፣ አባት ተቆጥቶ፣ እናት እያለቀሰች የሚወሰን ውሳኔ በነጋታው የማይመለስ ይሆናል።

ጠበል፣ ሠርግ፣ ስደት

በዚያ ሌሊት የሚመጡት መፍትሔዎች በአብዛኛው ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው መንፈስ ነው። በጎንደር ዓይነ ጥላና ዛር የቆዩ የመከራ ማብራሪያዎች ናቸው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. በጎንደር ቆይቶ ስለ ዛር በሰፊው ጽፏል፤ ወንድ ዛር በሴት ላይ ሊያድርና እርሷም በእርሱ ጠባይ ልትናገር እንደምትችል ሕዝቡ ያምን ነበር። ይህ ማብራሪያ አንድ ርኅራኄ አለው፤ ጥፋቱን ከልጁ ላይ አንሥቶ በመንፈሱ ላይ ይጥላል። ልጁ ልጅ ሆኖ ይቀራል። ጭካኔው በኋላ ይመጣል፤ መንፈሱ «አልወጣም» ሲባል ልጁ ራሱ እንዳይወጣ የፈለገ ተደርጎ ይከሰሳል። አማኝ የሆነ ልጅ በፈቃዱ ጠበል ቢጠመቅ፣ ቢጸልይ፣ ቢጾም የእምነቱ ነው፤ ማንም ሊከለክለው አይገባም። ታስሮ ሲወሰድ፣ ሲደበደብ፣ የሚወስደው መድኃኒት ካለ ሲቋረጥበት ግን ነገሩ ከጸሎት ወጥቷል።

ሁለተኛው «ሲያገባ ይተወዋል» የሚለው ነው። በእኔ ግምት ከሦስቱ እጅግ ጎጂው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ያልተጠየቀች ሌላ ሰው ያስገባል። ሙሽራዪቱ ምንም አታውቅም። ባሏ የማይቀርባት ለምን እንደሆነ አታውቅም፤ ጥፋቱን በራሷ መልክና ጠባይ ትፈልጋለች፤ ልጅ ካልመጣ መካን ተብላ ትታማለች። ወደ ሴት የምትሳብ ልጅ በግድ ስትዳር ደግሞ ሌላ ስም ያለው ነገር ይፈጸማል፤ ያለ ፈቃዷ በየሌሊቱ ትነካለች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንደሚመሠረት ይደነግጋል፤ ቤተ ክርስቲያንም ያለ ፈቃድ ጋብቻ አይጸናም ትላለች፤ በእስልምናም የልጅቱ ፈቃድ ይጠየቃል። ሦስቱም የሚስማሙበትን ነገር ቤተሰብ በጭንቅ ጊዜ ይረሳዋል።

ሦስተኛው ማባረር ነው። «ከዚህ ቤት ውጣ» የሚለው ቃል በ2005 ዓ.ም. ሲነገርና ዛሬ ሲነገር ክብደቱ አንድ አይደለም። ያን ጊዜ የተባረረ ልጅ አውቶቡስ ተሳፍሮ አዲስ አበባ ይገባል፤ ወይም በመተማ በኩል ሱዳን ይሻገራል። ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ራሷ በጦርነት ላይ ናት። ከጎንደር የሚያስወጣው መንገድ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት ይዘጋል፤ እገታ አለ፤ ፍተሻ አለ። ዘመድ የማይጠራለት፣ ዋስ የማይሆንለት፣ ገንዘብ የሌለው የ19 ዓመት ልጅ በዚህ መንገድ ላይ ሲጣል ምን እንደሚደርስበት መገመት ሩቅ አይደለም።

ሕክምናው የሚያውቀው

የዓለም ጤና ድርጅት የተመሳሳይ ጾታ ዝንባሌን ከበሽታ ዝርዝሩ ያወጣው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ የሕክምና ውሳኔ ነው፤ በሃይማኖት ትክክል ነው አይደለም የሚለውን አይመልስም፤ እንዲመልስም አልተጠየቀም። ለወላጅ ግን የሚጠቅም አንድ ነገር ይነግረዋል፤ የሚታከም በሽታ ስላልሆነ «ፈውስ» እንሸጣለን የሚሉትን ማመን የለበትም። በአሜሪካ ኤክሶደስ ኢንተርናሽናል የተባለ የክርስቲያን ድርጅት ለ37 ዓመታት ዝንባሌን ማስለወጥ ይቻላል ብሎ ሲሠራ ኖሮ በ2013 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ኃላፊው አብዛኞቹ ሰዎች ዝንባሌያቸው አለመለወጡን አምኖ ይቅርታ ጠይቋል።

የቤተሰብ ምላሽ በልጅ ላይ የሚያደርገውን በተመለከተ በሰፊው የሚጠቀሰው የኬትሊን ራያንና የባልደረቦቿ ጥናት ነው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ቤተሰባቸው በከፍተኛ ደረጃ የገፋቸው ወጣቶች፣ ካልተገፉት ወይም በጥቂቱ ከተገፉት ጋር ሲነጻጸሩ ራሳቸውን ለማጥፋት የመሞከር ዕድላቸው 8.4 እጥፍ፣ ለከባድ ድብርት የመጋለጥ ዕድላቸው 5.9 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ የተካሄደው በ224 የአሜሪካ ወጣቶች ላይ ነው፤ ቁጥሩን እንደ ሸቀጥ አንሥቶ ጎንደር ላይ ማራገፍ አይቻልም። ሆኖም ከቁጥሩ ይልቅ አካሄዱ ትኩረት ይሻል፤ ተመራማሪዎቹ የጠየቁት ወላጆቹ ምን ያምናሉ ብለው አይደለም፤ ምን አደረጉ ብለው ነው። መሳደብ፣ መምታት፣ ከቤተሰብ ጉባኤ ማስቀረት፣ ከቤት ማስወጣት። ራያን ከሃይማኖተኛ ቤተሰቦች ጋር የሠራችውም ከዚህ ተነሥታ ነው፤ እምነቱን ሳይተው ተግባሩን የሚለውጥ ወላጅ ይኖራል ከሚል።

ጎንደር የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያላት፣ የጤና ትምህርትም በ1947 ዓ.ም. የተጀመረባት ከተማ ናት። ራሱን የመጉዳት ምልክት የሚያሳይ ልጅ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ወደ አእምሮ ሕክምና መወሰድ አለበት። ባለሙያው የሚያክመው ድብርቱን ነው፤ ምስጢር መጠበቅም የሙያው ግዴታ ነው።

ሃይማኖቶቹ ስለ ልጅ የሚሉት

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ እስልምና፣ ካቶሊክና ወንጌላውያን በኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ ላይ በትምህርት አይለያዩም፤ ድርጊቱ ኃጢአት ነው ይላሉ። የሕዝቡም አስተያየት ከዚህ አይርቅም፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ፒው የተባለው የጥናት ተቋም ከጠየቃቸው ኢትዮጵያውያን 97 በመቶው ኅብረተሰቡ ሊቀበለው አይገባም ብለዋል። ይህን ለመሸፋፈን መሞከር ለማንም አይጠቅምም።

ነገር ግን እነዚሁ ሃይማኖቶች ስለ ልጅና ስለ ዘመድ የሚያስተምሩት ሌላ ትምህርት አላቸው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ሲሆን ግን ጎልቶ አይሰማም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሃይማኖትን የካደ ነው፣ ከማያምንም ይከፋል ይላል። የጠፋው ልጅ ምሳሌ ልጁ ገና ሩቅ ሳለ የሮጠውን አባት ያሳያል። ነቢዩ ሕዝቅኤል የሰዶምን ኃጢአት ሲዘረዝር ትዕቢትንና ጥጋብን፣ የድሀውንም እጅ አለማበርታትን ይጠቅሳል። ንስሐ አባት በኑዛዜ የሰማውን እንዳይገልጥ ሥርዓቱ ያዝዘዋል። በእስልምና ዝምድናን መቁረጥ ከከባድ ኃጢአቶች ነው፤ የወንድሙን ነውር የሸፈነ ሰው አላህ በትንሣኤ ቀን የእርሱን እንደሚሸፍንለት በሐዲስ ተነግሯል። ልጅን በቲክቶክ ማጋለጥን የሚደግፍ ሃይማኖታዊ መሠረት ከየት ይገኛል?

በዚህ ላይ ሁለት ብርቱ ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው ከወግ አጥባቂው ወገን ነው፤ ልስላሴ ማጽደቅ ይሆናል፣ ታናናሾቹ ያያሉ፣ ዛሬ ዝም ያልነው ነገ ሕግ ሆኖ ይመጣብናል። ሥጋቱ ባዶ አይደለም። የዓለም ባንክ በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ለኡጋንዳ አዲስ ገንዘብ መስጠት ያቆመው ቀደም ብሎ በተጠቀሰው ሕጓ ምክንያት ነው፤ እምነቴን በብድር ሊያስለውጡኝ ነው ብሎ የሚሰጋ ሰው ማስረጃ አለው። ይሁን እንጂ የመንግሥታት ክርክር የሚፈታው በመንግሥታት መካከል ነው፤ የ19 ዓመቱ ልጅ የዓለም ባንክ ወኪል አይደለም፤ የእናቱ ልጅ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከልጆቹ ወገን ነው። «እወድሃለሁ፣ ያለህበትን ግን አልቀበልም» የሚል ፍቅር ራሱ ያቆስላል፤ በየቀኑ በማዕድ ላይ ተቀምጦ ፍርድ መስማት ነው ይላሉ። እውነት አላቸው። ይህ ቁስል በቤት ውስጥ በመቆየት ብቻ አይድንም፤ ይህን አልክድም። ያም ሆኖ በማዕዱ ላይ ያለ ልጅና በማዕዱ ላይ የሌለ ልጅ አንድ አይደሉም። ተቀምጠው ሳሉ ነገ መነጋገር ይቻላል። አባት በአምስት ዓመት ውስጥ ምን እንደሚማር፣ ልጁም ምን እንደሚል አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ከዓመታት በኋላ

የማባረር ውጤት በተባረረበት ሌሊት አይታይም። መጀመሪያ ስሙ ከቤቱ ይጠፋል፤ ማኅበርተኛ ሲጠይቅ «ሥራ ይዞ ርቆ ሄዷል» ይባላል። ከዚያ እናት ባሏ ሳያውቅ ትደውላለች፤ ስልኩ ሲቀየር ደግሞ ያ ክር ይበጠሳል። ታናናሾቹ የሚማሩት ስለ ግብረ ሰዶም አይደለም፤ በዚህ ቤት እውነት የተናገረ ሰው እንደሚባረር ነው፤ ስለዚህ ሱስ ሲይዛቸው፣ ሲያረግዙ፣ ሲደፈሩ ለወላጅ አይነግሩም።

በአገራችን ልማድ አባት ወይም እናት ሲሞት ሩቅ ላለ ልጅ በስልክ በድንገት አይነገረውም። ዘመድ ይፈለጋል፣ ልጁ ባለበት ከተማ ያሉ ሰዎች ይሰበሰባሉ፣ ማልደው ሄደው በር ያንኳኳሉ፣ ደግፈው ይዘው መርዶ ያረዱታል። ይህን ለማድረግ ልጁ የት እንደሚኖር የሚያውቅ፣ ከሰዎቹም ጋር ሄዶ በሩን የሚያሳይ አንድ ሰው ከቤተሰቡ ያስፈልጋል።